አልበም አፈቀርኩ፣ እጮኛዬ ቀና!

ፍቅር ሲመጣ ቀጠሮ አይጠይቅም። «ሥራ በዝቶብኛል፣ ፈተና ደርሶብኛል፣ የወሩ ሪፖርት አላለቀም» ብትሉት የሚሰማ ጆሮ የለውም። ዘው ብሎ ይገባል። ገብቶም ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ይሄ በሰውና በሰው መካከል ሲሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ስለ ቅናት፣ ስለ ከዳተኛ ጓደኛ፣ በሁለት ፍቅረኞች መካከል ስለሚገባ ሦስተኛ ሰው ስንት ተጽፏል! ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሦስተኛው ሰው ባይሆንስ? አልበም ቢሆንስ? ያውም የሮክ አልበም!

አትሳቁ። ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ላልደረሰበት ነው። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች በአንድ የጆሮ ማዳመጫ ምክንያት ለመለያየት ጥቂት ሲቀራቸው አይቻለሁ። አንደኛዋ እኔ ስለሆንኩ ምስክር አልቆጥርም።

ቀኑ የማን ነው?

ጊዜው 2005 ዓ.ም. ነው። ትክል ድንጋይ እሠራ ነበር። ለማታውቋት፣ ትክል ድንጋይ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ ሳንጃና ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ስትጓዙ ታገኟታላችሁ። ላይ የተባለው ደጋው ሲሆን፣ ታች አርማጭሆ ደግሞ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሰሊጥ ሲደርስ ለአጨዳ የሚወርደው ወጣት በዚያ መንገድ ያልፋል። ሽለላና ቀረርቶ ሲነሳ አርማጭሆ ሳይጠራ አይቀርም። የሮክ ጊታር ሲነሳስ? እንጃ!

ሥራዬ ሒሳብ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከደረሰኝና ከማኅተም ጋር ስታገል እውላለሁ። ቅዳሜና እሁድ ጎንደር ወርጄ ዲግሪዬን እማራለሁ። እናቴ ጎንደር ናት፤ ጤና የላትም። እጮኛዬም ጎንደር ነው። እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ዓርብ ማታ ከቢሮ ወደ ሚኒባስ ሩጫ። ቅዳሜ ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት የእናቴ መድኃኒት፣ ማታ እጮኛዬ። እሁድ ደግሞ ክፍል፣ ልብስ አጠባ፣ ከዚያ ተመልሶ ትክል ድንጋይ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ወንበሬ ላይ ነኝ። በሳምንቱ ውስጥ «ይቺ ሰዓት የኔ ናት» የምላት አንዲት ሰዓት አልነበረችኝም።

አይ፣ አንድ ነበረች። የመኪናዋ ሰዓት። መጀመሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ አምስት ሰው ይጭናል። ከዚያ መንገዱ አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊርማ የሚጠይቀኝ የለም፣ ቤት ሥራ የሚሰጠኝ የለም፣ «መቼ ትመጫለሽ?» የሚለኝም የለም። እየመጣሁ ነዋ!

«ኤርታሌ» እጄ ሲገባ

በዚያ ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዳ ተመለሰች። ሌላው ሰው ሽሮና በርበሬ ሲጠብቅ እሷ ለኔ ሲዲ ይዛልኝ መጣች። «ይሄ ላንቺ ይሆናል» አለችኝ። ለምን ለኔ እንደሚሆን አልነገረችኝም። ሲዲው የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» ነበር።

ጃኖ ባንድን ላልሰማችሁ ትንሽ ላስተዋውቃችሁ። የአማርኛ ሮክ እንጫወታለን ብለው የተነሱ ወጣቶች ናቸው። «ኤርታሌ» የመጀመሪያ አልበማቸው ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከፊት አራት ድምፃውያን ይቆሙ ነበር፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ። ሊድ ጊታሩን የሚጫወተው ሚካኤል ኃይሉ ነበር፤ ኪቦርዱን ኪሩቤል ተስፋዬ። ልጆቹን ያሰባሰበው ከዚህ ቀደም ከዚጊ ማርሌይ ጋር በማናጀርነት የሠራው አዲስ ገሠሠ ነው።

ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ይህ ሰው ቤዝ ጊታር ተጫዋችም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከሄርቢ ሃንኮክ ጋር ሠርቷል፤ በ1986 ሞተርሄድ ለሚባለው የእንግሊዝ የሮክ ቡድን አልበም ሠርቷል፤ በ2001 ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ የጂጂን፣ በዓለም ገበያ የቀረበ አልበም የሠራው እሱ ነው። የሞተርሄድን ጩኸትም የጂጂን ዜማም የሚያውቅ ሰው ለአማርኛ ሮክ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ስሞቹን ደግሞ ተመልከቱ። ጃኖ ጥለቱ ሰፊና ቀይ የሆነ፣ በጥንት ጊዜ ባለማዕረግ የሚለብሰው ሸማ ነው። ጎንደር ፒያሳ የጃንተከልን ዋርካ እያየ ላደገ ሰው «ጃን» የሚለው ቃል ባዕድ አይሆንበትም። ኤርታሌ ደግሞ አፋር ውስጥ ያለው እሳተ ገሞራ ነው። አናቱ ላይ የቀለጠ ዓለት ሲንተከተክ በዓይን የታየበት ተራራ። ሸማና እሳት! በአንድ ሽፋን ላይ ሁለቱን ሳይ ገና ሳልሰማው ልቤ ትንሽ ደንገጥ አለ።

አንደኛው ቀን፣ ሦስተኛው ቀን

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ቀን አልወደድኩትም። ኮምፒውተር ያለው ጎረቤት ስልኬ ሚሞሪ ላይ ጫነልኝ። ዓርብ ማታ ሚኒባስ ውስጥ ከፈትኩት። ጊታሩ አጓራ። ከበሮው ደረቴን መታኝ። ጎኔ የተቀመጡት እናት በማዳመጫው በኩል ያመለጠውን ሰምተው «ልጄ፣ መኪናው ነው የሚንኳኳ?» አሉኝ። ዘጋሁት።

እሁድ ስመለስ ሌላ የምሰማው ስላልነበረኝ ደገምኩት። በሚቀጥለው ዓርብ ሠለስኩት። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ሆነ። ጩኸት የመሰለኝ ነገር ውስጥ ዜማ አለ። ያውም የማውቀው ዜማ! ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

ለካ ይሄ የኔ ጉድ ብቻ አይደለም። ሮበርት ዛዮንክ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ባየው ቁጥር የመውደድ ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። ያ የሰውነት መውረርስ? ካናዳ ሞንትሪያል የሚገኙ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳወቁት፣ ሰው የሚወደውን ሙዚቃ ሲሰማና ሲወረው አእምሮው ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ቅመም ይለቀቃል። ሰው ሲርበው ቀምሶ የሚደሰትበትም ቅመም ይኸው ነው። ስለዚህ «ዘፈን ምን ያደርግልሻል?» ለሚሉኝ መልስ አገኘሁ። ምሳ የሚያደርግልኝን!

ዜማው የማውቀው የሆነበትም ምክንያት አለው። የኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። የሮክ ጊታር ተጫዋችም ከብሉዝ በወረሰው አምስት ድምፅ ላይ ነው ብዙውን ጊዜ የሚንሸራሸረው። ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት አምስቱ ድምፆች ፈረንጆቹ ሜጀር ፔንታቶኒክ የሚሉት እነዚያው ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ ሮክና ትዝታ ጉርብትና አላቸው፤ የተለያዩት በአጥር ነው።

ስለ ጊታሩ መሻከርም ላውራ። የሮክ ጊታር እንዲያ የሚያጓራው ማጉያው ከሚችለው በላይ ድምፅ እንዲጫንበት ስለሚደረግ ነው። ድምፁ ይሰባበራል፤ ሲሰባበር ይወፍራል። እኛ ጋ ደግሞ ማሲንቆ አለ። አንዲት የፈረስ ጭራ ክር በሌላ የፈረስ ጭራ ትፈገፈጋለች። ያ ድምፅስ ልስልስ ነው እንዴ? ሻካራ ነው! ውበቱም መሻከሩ ነው። ማሲንቆ ሲሆን «አንጀት ይበላል» ብለን ጊታር ሲሆን «ጩኸት» ማለት ምን ይባላል?

ይህን በቲዎሪ ሳይሆን በጆሮ ያረጋገጡልኝ ግን የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማይነጋገሩ አዛውንት ናቸው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ያለ ማዳመጫ፣ ከስልኩ እንዲሁ እሰማለሁ። መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ይሄ የፈረንጅ ነው?» አሉኝ።

«የኛው ልጆች ናቸው አባባ።»

ዱላቸውን ተደግፈው ዝም ብለው አዳመጡ። እኔ «አጥፊው» ይሉኛል ብዬ ጣቴን አዘጋጅቼ ነበር።

«ልጁ እኮ እየፎከረ ነው» አሉ ቆይተው። «ከኋላው የሚያጓራው ምንድን ነው?»

«ጊታር ነው፣ አባባ።»

«እህ! ተቀባይ አለው በያ።»

ይህን ብለው ገቡ። እኔ ግን በረንዳው ላይ ቀረሁ። በሽለላ ጊዜ አንዱ ሲያወርድ ሌላው እንደሚቀበለው፣ ጊታሩ ድምፃዊውን እየተቀበለው ነበር። ስንት ጊዜ ሰምቼው አላየሁትም። አርማጭሆ ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ በአንድ ጊዜ አዩት።

ሙሉውን ለምን?

«ታዲያ ጥሩ ጥሩውን መርጠሽ ለምን አትሰሚም? ጊዜ የለሽ!» የሚሉኝ ነበሩ። አሁንም ይባላል። ዛሬ ወጣቱ ነጠላ ዜማ ይወዳል፤ ስልክ ላይ መግቢያውን ሰምቶ ያልፈዋል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ነጠላ ዜማ ሰላምታ ነው፣ አልበም ጭውውት ነው። ሰላም ብላችሁት ካለፋችሁት ሰው ፍቅር አይዛችሁም።

አልበም ቅርፅ ያወጣው መጠን ስለነበረው ነው። ፈረንጆቹ እ.ኤ.አ. በ1948 ትልቁን ሸክላ ሲያወጡ በአንድ ጎኑ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይይዝ ነበር። ያ ጎን እንዴት ይጀመር፣ በምን ይለቅ የሚለው ጥበብ ከዚያ መጣ። እኛ ጋ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ብዙ የታተመው በየጎኑ አንድ ዘፈን የሚይዘው ትንሹ ሸክላ ነበር። ከዚያ ካሴት መጣ፤ ሀ ጎን፣ ለ ጎን። በካሴት ዘመን ያደገ ሰው ዘፈን መዝለል አይወድም። እስክሪብቶ ካሴቱ ውስጥ ሰክቶ ማጠንጠን ነበራ!

«ለምን ባንድ?» ለሚለውም ታሪክ አለው። እነ ዋልያስ፣ እነ ሮሃ፣ እነ ዳህላክ፣ እነ ኢትዮ ስታር በየሆቴሉ ሲጫወቱ የኖሩ ባንዶች ነበሩ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ መጣ፤ የሌሊት ጨዋታ ተቀዛቀዘ። ቀጥሎ ኪቦርድ መጣ። አንድ ሰው ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ነፋሱንም በአንድ ማሽን ማውጣት ሲችል አሥር ሰው ማን ይቀጥራል? የብዙ ካሴት ሙዚቃ በአንድ ሰው እጅ መሠራት ጀመረ። ቢሠራም በሽፋኑ ላይ የሚወጣው የድምፃዊው ስም ነው። ባንዱ ከጀርባ፣ በትንሽ ጽሑፍ።

ጃኖ ይህን ገለበጠው። ስሙ የባንዱ ነው። አራቱ ድምፃውያን ተራ ይሰጣጣሉ። አንዱ ሲዘፍን ሦስቱ ይጠብቃሉ ወይም ያጅባሉ። ጊታሩ ሲመጣ ደግሞ አራቱም ዝም ይሉለታል። ይህን ደጋግሜ ስሰማ የገባኝ ነገር አለ። ባንድ ማለት ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር የሚወድ ሰው ስብስብ አይደለም። የአንዱን ተራ ሌላው የሚጠብቅበት ቤት ነው። ይሄን ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለሱ ነው።

«ወይ እኔ፣ ወይ ጩኸቱ!»

እጮኛዬ ዓርብ ዓርብ መናኸሪያ መጥቶ ይቀበለኛል። ጥሩ ሰው ነው። ጥላሁንን ይወዳል፣ ማሕሙድን ይወዳል። ዘፈን ጠላት አይደለም። ግን ከሚኒባስ ስወርድ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሲያይ ፊቱ መለዋወጥ ጀመረ። አንድ ቀን ዝም አለ። ሌላ ቀን ቀለደ። በሦስተኛው አፈነዳው።

«እኔ ሳምንቱን ሙሉ አንቺን ስጠብቅ፣ አንቺ ከነሱ ጋር ትመጫለሽ።»

«ከነማን ጋር?»

«ከነዚያ ጯሂዎች!»

አንዱን ማዳመጫ አውጥቼ ጆሮው ላይ አደረግኩለት። አንድ ደቂቃም አልቆየ። «ይሄን እየሰማሽ እንዴት ሰላም ታገኛለሽ? ደክሞሽ መጥተሽ ደግሞ ጩኸት?» አለና መለሰልኝ። በዚህ ላይ አክስቱ «ሮክ የሰይጣን ነው» ብለው ነግረውታል። ጭቅጭቁ አድጎ አድጎ አንድ ቅዳሜ ማታ ያቺ የታወቀች ዓረፍተ ነገር ወጣች። «ወይ እኔ፣ ወይ ጩኸቱ!»

እውነት ለመናገር ሳቄ ሊመጣ ነበር። ግን ፊቱን ሳየው እየቀለደ አይደለም። እኔም መልስ አልሰጠሁትም። ሁለት ሳምንት ሳንገናኝ ቀረን።

በነዚያ ሁለት ሳምንታት ብዙ አሰብኩ። ነገሩ የአልበም ጉዳይ ቢሆን እኮ ቀላል ነበር። ለአንድ ሲዲ ብሎ ማን እጮኛውን ያጣል? ግን ጥያቄው ሌላ ነበር። ከሳምንቱ ሰዓት ሁሉ ለቢሮ፣ ለትምህርት፣ ለእናቴ፣ ለእሱ ሰጥቼ የቀረችኝ የሚኒባስ መንገድ ናት። እሷንም ስጪ ከተባልኩ ከተጋባን በኋላ ምን ይቀረኛል? ዛሬ ጊታሩን ያስጠፋ ሰው ነገ ትምህርቱን «ምን ያደርግልሻል?» ቢልስ?

አንዲት ትዳር የያዘች፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ የሥራ ባልደረባዬን አማከርኳት። ቡና እየቆላች ሰማችኝ። «ባሌ ቡና እንደማይጠጣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ኧረ እትዬ! ሃያ ዓመት ሙሉ?»

«አፉ ላይ አያደርገውም። ግን ቡና ሲያልቅ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። እኔ ሳፈላ ልጆቹን ይዞ ውጭ ይቀመጥልኛል። ቡናን አልወደደም፤ የኔን ቡና ግን አከበረ። አንቺም ውደድልኝ አትበይው። አክብርልኝ በይው።»

ሄጄ ነገርኩት። «የወደድኩትን ውደድልኝ አላልኩህም። የመንገዷን ሰዓት ተውልኝ። ከመኪናው ስወርድ ማዳመጫውን አወጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያንተ ነኝ» አልኩት። እሱም የሆዱን አወጣ። ዘፈኑ አይደለም ያናደደው። መናኸሪያ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝልኝ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስመጣ ሲያይ፣ «ለኔ እንዲህ ሆና አታውቅም» ብሎ አስቦ ነው። ቅናት ነው! በጊታር የቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በሚቀጥለው ዓርብ ሚኒባሱ ጎንደር ሲገባ በመስኮቱ አየሁት። ተሳፋሪው እየወረደ ነው። መጥቶ መስታወቱን አንኳኳ። አንዱን ማዳመጫ አወጣሁ።

«ስንተኛው ላይ ነሽ?» አለኝ።

«የመጨረሻው ላይ።»

«በይ ጨርሺው። እጠብቃለሁ።»

ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ረዳቱ «ውረጂ እህቴ» እያለኝ፣ ያንን የመጨረሻ ዘፈን እንዴት እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ጃኖን አልወደደም። «ስንተኛው ላይ ነሽ?» የምትለው ጥያቄ ግን ቤታችን ውስጥ ቀረች።

የኔም ተራ ነበር። እሱ የቅዳሜ ኳስ አለው። ዘጠና ደቂቃ ከነጭማሪው። ያ የሱ ሮክ ነው። እኔ አንዱን ቡድን ከሌላው አልለይም። ግን ኳስ እያየ ስልክ አልደውልለትም። ካስቸገረኝ «ስንተኛው ደቂቃ ነው?» ብዬ እጽፍለታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ጃኖ ሁለተኛ አልበሙን ሲያወጣ እኛ ተጋብተን ነበር። መውጣቱንም እኔ አልሰማሁም፤ ሥራም ልጅም ይዞኛል። አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ርዕሱን አነበብኩት። «ለራስህ ነው» ይላል። «ለራስሽ ነው ማለት ነበረባቸው» አለና ልጁን አቅፎ ወጣ።

ለተጣደፈና ላፈቀረ ሰው

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ሮክ ባትወዱም ይሠራል። በመዝሙር፣ በመጽሐፍ፣ በኳስ ተኩት።

1. አዲስ አልበም በአንድ ቀን አትፍረዱበት። ሦስት ጊዜ ሙሉውን ስሙት፤ ከአንዱ እስከ መጨረሻው፣ ሳትዘሉ። ከሦስት በኋላ ካልገባ ተዉት። ጆሮ አይገደድም።

2. ጊዜ አትስረቁ፣ ጊዜ መድቡ። ከእንቅልፍ የተሰረቀ ሰዓት ዕዳ አለው። መንገድ፣ ልብስ አጠባ፣ ሽንኩርት መክተፍ... እጅና እግር ተይዞ ጆሮ የሚፈታበት ሰዓት የሌለው ሰው የለም። ያቺን ሰዓት ስም ስጧት። ስም ያላትን ሰዓት ሰው ያከብራታል።

3. ፍቅረኛችሁን አንድ ጊዜ ጋብዙ፣ ሁለቴ አትለምኑ። አንድ ዘፈን አሰሙ። ካልወደደ «አልገባህም» አትበሉት። እናንተም መጀመሪያ ቀን አልገባችሁም ይሆናል።

4. ሰው ሲያናግራችሁ ሁለቱንም ማዳመጫ አውጡ። አንዱን ማውጣት «ግማሽህን እሰማለሁ» ማለት ነው። ብዙ ጠብ የሚጀምረው ከዚያች ካልወጣችው ነው።

5. ለጆሯችሁ እዘኑ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል መጠን በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ባይሰማ ይመረጣል። ድምፁ ከዚያ ከፍ ሲል የሚፈቀደው ሰዓት በብዙ ይቀንሳል። የሚኒባስ ሞተር ሲጮህ ድምፅ መጨመር ያምራል፤ ግን ጆሮ አንዴ ከተጎዳ መለዋወጫ የለውም።

6. ከወደዳችሁት ክፈሉበት። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ለዚህ ነው። አሥር ሰው ሆኖ የሚሠራ ባንድ ከአንድ ሰውና ከአንድ ኪቦርድ በላይ ወጪ አለበት። «እወዳችኋለሁ» እያሉ መዝረፍ ፍቅር አይባልም።

7. የመጨረሻው ዋናው ነው። የምታገቡት ሰው የምትወዱትን ሁሉ እንዲወድ አትጠብቁ። የምትጠብቁት ሌላ ነው። እናንተ የምትወዱትና ማንንም የማይጎዳ ነገር ሲኖር፣ በሩን ይዘጋባችኋል ወይስ ገርበብ አድርጎ ይጠብቃችኋል? አንዴ ተናዶ «ወይ እኔ፣ ወይ እሱ» ያለ ሰው ሰው ነው፤ ቅናት ማንንም ያናግራል። ተነግሮት፣ ተረጋግቶ፣ አሁንም «ወይ እኔ» ካለ ግን ነገሩ ጊታር አይደለም። ዛሬ ዘፈን፣ ነገ ጓደኛ፣ ከነገ ወዲያ ደመወዝ ይሆናል። ቀለበት ሳታስሩ አስቡበት።

ሥራ አያልቅም። ሪፖርት በሪፖርት ይተካል፣ ፈተና በፈተና። ሁሉም ሲያልቅ የራሴን እሰማለሁ ያለ ሰው ሳይሰማ ይቀራል። እንግዲህ ዛሬ ማታ የምትወዱት ሰው ጆሮው ተይዞ ብታገኙት አትቆጡ። ጠጋ በሉና ስንተኛው ላይ እንደሆነ ጠይቁት። ከዚያም ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት።

ቸር ያሰንብተን!